ከ29 እስከ 200፦ የዚንክ ኦክሳይድ ናኖሽቦ የግትርነት ክርክር

በ2005 በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች የዚንክ ኦክሳይድ ናኖሽቦዎችን (ውፍረታቸው በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ የሚለካ ቀጭን ሽቦዎችን) ለክተው ግትርነታቸው 29 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው አሉ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የቻይና ቡድን የዚያንኑ ቁስ ሽቦዎች ለካ። ከሁሉም የቀጠኑት ከ200 ጊጋፓስካል በላይ ሆኑበት። በእጅ የሚያዝ ትልቅ የዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል በዚያው አቅጣጫ ሲለካ ደግሞ 140 አካባቢ ነው።

ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሰባት እጥፍ ገደማ አለ። አንዱ ቁጥር ሽቦው ሲቀጥን ይለሰልሳል ይላል። ሌላው በተቃራኒው ግትር ይሆናል ይላል። ሁለቱም የወጡት በታወቁ መጽሔቶች ላይ ነው። ሁለቱንም የሠሩት ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ግትርነት ስል የያንግ ሞጁለስን ማለቴ ነው። አንድ ቁስ ሲሳብ ወይም ሲታጠፍ ምን ያህል እንቢ እንደሚል የሚነግረን ቁጥር ነው፤ የሚለካው በጊጋፓስካል ነው። መቼ ይሰበራል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። በትልቅ ቁስ ላይ ይህ ቁጥር የቁሱ ጠባይ ነው። ዘንጉን አወፈርነውም አቀጠንነውም አይለወጥም። በናኖ መጠን ግን ይለወጣል ይባላል። ምክንያቱን ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ የገጽ ውጤት፤ ማለትም ከቁሱ ዳር ያሉት አቶሞች የሚያመጡት ለውጥ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ገጹ እውነትም እጁ አለበት። ነገር ግን ከተለጠፈበት ነገር ውስጥ የእሱ ድርሻ ትንሽ ነው። ትልቁን ድርሻ መፈለግ ያለብን ከአለካኩ ላይ ነው። ይህ ጉዳይ ደስ የሚለኝ ሁለቱን መለየት ስለተቻለ ነው።

ቆዳው ውስጥ ምን አለ?

በዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አራት ጎረቤት አለው። ዚንኩ በአራት ኦክስጅን ይከበባል፤ ኦክስጅኑም በአራት ዚንክ። ከሽቦው ጎን ባለው ገጽ ላይ ያለው አቶም ግን ሦስት ብቻ ነው የቀረለት። አንድ እጁ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ ከቀሩት ሦስቱ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ትስስሩ ያጥራል። ያጠረ ትስስር ደግሞ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይለጠጥም።

ይህ የሚሆነው ጫፍ ላይ ባሉ ጥቂት ድርብርቦች ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው እነዚያ ድርብርቦች ከጠቅላላው ሽቦ ምን ያህሉ ናቸው የሚለው ነው። እነዚያን ድርብርቦች ቆዳ ልበላቸው፤ ቆዳው ግማሽ ናኖሜትር ውፍረት አለው ብለን እንነሳ። 400 ናኖሜትር ዲያሜትር ባለው ሽቦ ላይ ቆዳው ከመቶ ግማሽ ያህል ነው። በ100 ናኖሜትር ላይ ከመቶ 2 ይሆናል። በ20 ናኖሜትር ላይ ወደ 10 ይጠጋል። ወፍራሙ ሽቦ ላይ ቆዳው ምንም ቢሆን ምንም አያመጣም። ቀጭኑ ላይ ግን መስማት ያለብን ድምፅ አለው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። ጊብስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጠጣር ነገር ገጽ የራሱ ጠባይ እንዳለው ጽፏል። ሹትልወርዝ በ1950 የገጽ ጉልበትንና የገጽ ውጥረትን የሚያያይዘውን ቀመር አወጣ። ገርቲንና መርዶክ በ1975 ገጹን እንደ አንድ ቀጭን፣ የራሱ ግትርነት ያለው ሽፋን የሚቆጥር ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ሠሩ። ሚለርና ሼኖይ በ2000 ያንን ወስደው ለናኖ ዘንጎችና ሳህኖች የሚሆን ቀላል ቀመር አደረጉት። ወደዚያ ቀመር እንመለሳለን፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይያዝልኝ። ገጽ ሁልጊዜ ግትር ያደርጋል የሚል ሕግ የለም። ዙና ሁዋንግ በ2004 የመዳብን ገጽ በስሌት ሲያዩት እንደ ክሪስታሉ አቅጣጫ ሊለሰልስም ግትር ሊሆንም እንደሚችል አሳይተዋል። በ2003 የወጣ አንድ የጃፓን ሥራ ደግሞ 12 ናኖሜትር ብቻ ውፍረት ያላቸው የሲሊኮን ምላሶች (አንድ ጫፋቸው ብቻ የታሰረ ስስ ዘንጎች) 53 ጊጋፓስካል ሆነው መገኘታቸውን ዘግቧል። ወፍራሙ ሲሊኮን 170 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለስላሳ ሽቦ አግኝቶ ገጹ ነው ቢል፣ ሌላው ግትር ሽቦ አግኝቶ ገጹ ነው ቢል፣ በቃል ደረጃ ሁለቱም ያስኬዳል። ችግሩም ይኸው ነው። ለማንኛውም ውጤት የሚሆን ምክንያት ምንም አያስረዳም። ምልክቱንም መጠኑንም አስቀድሞ ካልተናገረ በቀር።

የቁጥሮቹ ሰልፍ

የዚንክ ኦክሳይድ ናኖሽቦ በዚያን ሰሞን የተፈለገበት ምክንያት አለ። ቁሱ ሲጎብጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ዋንግና ሶንግ በ2006 በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ጫፍ ሽቦዎችን እያጎበጡ ኤሌክትሪክ ማውጣታቸውን በሳይንስ መጽሔት ሲያወጡ ዘርፉ ጋለ። ሁሉም ሰው ሽቦውን መለካት ፈለገ።

ከዚያ በፊት በ2003 የናኖ ጥብጣቦች በማርገብገብ ተለክተው 52 ጊጋፓስካል ተገኝቶ ነበር። የ2005ቱ 29 የተገኘው ከመሠረታቸው ላይ ቆመው የበቀሉ፣ በአማካይ 45 ናኖሜትር ዲያሜትር ያላቸውን ሽቦዎች በማይክሮስኮፕ ጫፍ ወደ ጎን በመግፋት ነው። በ2007 አንድ ቡድን በ100 አካባቢ አገኘ። በዚያው ዓመት ሌላው ከ200 ናኖሜትር የሚወፍሩ ሽቦዎችን ስቦ 21 አካባቢ አለ።

የ2006ቱ የቻይና ሥራ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት ነገር ነበረው። አንድ መጠን ላይ አልቆመም። ከ17 እስከ 550 ናኖሜትር ያሉ ሽቦዎችን ተራ በተራ ለካ። ወፍራሞቹ 140 አካባቢ ላይ ረግተው ተቀመጡ። ከ120 ናኖሜትር በታች ሲወርድ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። በጣም ቀጭኖቹ ላይ ሲደርስ በኃይል ወጣ።

ለእኔ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ወፍራም ሽቦ ላይ የታወቀውን ቁጥር የሚሰጥ መለኪያ፣ ቀጭን ሽቦ ላይ የተለየ ነገር ሲናገር ይሰማል። ወፍራሙ ላይም የታወቀውን የማይሰጥ መለኪያ ግን መጀመሪያ ራሱ ይመርመር።

ቡድኑ ውጤቱን በልብና በቅርፊት አስረዳው። ሽቦው ከውስጥ 139 ጊጋፓስካል የሆነ ልብ አለው። ከላይ 4.4 ናኖሜትር ውፍረት ያለው፣ ከልቡ አንድ ተኩል ጊዜ ግትር የሆነ ቅርፊት አለው። ቀመሩ በነጥቦቹ መሐል ቆንጆ አድርጎ ያልፋል።

ቆንጆ ነው፤ ግን ትንሽ ቆም ብለን እንየው። 4.4 ናኖሜትር ማለት ከገጹ ወደ ውስጥ ከአሥራ አምስት በላይ ድርብርብ ነው። 17 ናኖሜትር በሆነው ሽቦ ላይ ልቡ 8.2 ናኖሜትር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስፋቱን ብታሰሉት ቅርፊቱ ከሽቦው ከመቶ 77 እጁን ይይዛል። ይህ ቅርፊት ነው ወይስ ሽቦው ራሱ? ደራሲዎቹ የትስስሩ ማጠር ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው ብለዋል። ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ይህን ያህል ወፍራም ቅርፊት ሲጠየቅ፣ ከገጹ ሌላ አንድ ነገር ቁጥሩን ወደ ላይ እየገፋው ይሆናል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ስህተት የሚደበቅባቸው ቦታዎች

እዚህ ላይ ዘግየት ብዬ እሄዳለሁ። ናኖሽቦ የሚለካ ሰው የሚፈተነው በንድፈ ሐሳቡ ሳይሆን በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነውና።

መጀመሪያ ዲያሜትሩ። ሽቦው ወደ ጎን ተገፍቶ ሲጎብጥ፣ ግትርነቱን ለማውጣት ዲያሜትሩ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ነው ስሌቱ ውስጥ የሚገባው። በዲያሜትሩ ላይ ከመቶ 10 ብቻ አብዝታችሁ ብታነቡ፣ ግትርነቱ ከመቶ 32 ያህል አንሶ ይወጣል። ከመቶ 10 አሳንሳችሁ ብታነቡ ደግሞ ከመቶ 52 በልጦ ቁጭ ይላል። ለ20 ናኖሜትር ሽቦ ከመቶ 10 ማለት 2 ናኖሜትር ነው። የምስሉ ጠርዝ ደብዘዝ ካለ፣ ወይም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ በሽቦው ላይ የካርቦን ልባስ ከተጋገረ፣ 2 ናኖሜትር ምንም አይደለም።

ቀጥሎ ቅርጹ። የዚንክ ኦክሳይድ ሽቦ ክብ አይደለም። ተቆርጦ ከጫፉ ሲታይ ባለ ስድስት ጎን ነው። ከጎን በሚነሳ ምስል ላይ ግን ስፋት ብቻ ነው የሚታየው። ያ ስፋት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ነው? ወይስ ከጠፍጣፋ ጎን እስከ ጠፍጣፋ ጎን? ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሆነውን ስፋት ወስዳችሁ ሽቦውን ክብ ነው ብትሉት፣ በመጉበጥ የሚገኘው ግትርነት ከመቶ 31 ዝቅ ይላል። ከጠፍጣፋ እስከ ጠፍጣፋ ያለውን ብትወስዱ ከመቶ 22 ያህል ከፍ ይላል። ሽቦው ያው ነው፤ ማይክሮስኮፑም ያው ነው። በሽቦው ዘንግ ዙሪያ 30 ዲግሪ ብቻ በመዞሩ ውጤቱ በዚህን ያህል ይለያያል። ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ደግሜ አየሁት፤ ያን ያህል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

ከዚያ ሥሩ። አንድ ጫፉ ብቻ የታሰረ ሽቦ ጫፉ ሲገፋ፣ ሥሩ ፍጹም እንደማይነቃነቅ ተቆጥሮ ነው ስሌቱ የሚሠራው። የበቀለበት መሠረት ትንሽ ከሰጠ፣ ወይም ያጣበቀው ነገር ለስላሳ ከሆነ፣ ሽቦው ከሥሩ ዘንበል ይላል። ጫፉ ላይ የምናየው መነቃነቅ ይጨምራል። እኛ ያንን ሁሉ የሽቦው መጉበጥ ነው ብለን እንወስዳለን። ሽቦው ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ስህተት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው፤ ወደ ታች። ስንት ሽቦ ለክታችሁ አማካይ ብትወስዱ አይጠፋም።

በማርገብገብ መለካት ከዲያሜትሩ አደጋ በከፊል ይገላግላል። እዚያ ዲያሜትሩ የሚገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ተባዝቶ ነው። በምትኩ ርዝመቱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ይገባል። በርዝመቱ ላይ ከመቶ 5 መሳሳት ከመቶ 20 በላይ ያመጣል። ሌላም ወጥመድ አለ። ሽቦው የሚርገበገበው በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ነው። የሚያርፍበት ኃይል የቮልቴጁን ካሬ ይከተላል። ቋሚ ቮልቴጅ ካልተጨመረበት፣ ኃይሉ እኛ ከሰጠነው ፍሪኩዌንሲ በእጥፍ ነው የሚመላለሰው። ሽቦው በኃይል ሲርገበገብ አይተን በመሣሪያችን ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ከጻፍን፣ የሽቦውን እውነተኛ ፍሪኩዌንሲ ግማሽ ይዘን ቀረን ማለት ነው። ግትርነቱ የፍሪኩዌንሲውን ካሬ ስለሚከተል አራት እጥፍ አንሶ ይወጣል። ጠንቃቃ ሰው ይህን ያውቃል፤ የማያውቅ ግን ለስላሳ ሽቦ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል።

በዚያን ዘመን የወጡት ሥራዎች ይህን ስህተት ሠርተዋል እያልኩ አይደለም። የየትኛውም ቡድን ማስታወሻ ደብተር እጄ ላይ የለም። የምለው፣ ሰባት እጥፍ ልዩነት ለመፍጠር ገጽ የግድ አያስፈልግም ነው።

29 ከገጹ ሊመጣ ይችላል?

ይህን በቁጥር መፈተን ይቻላል። እዚህ ላይ የሚለርና የሼኖይ ቀመር ይገባል። ቀመሩ ቀላል ነው። ቆዳው የራሱ ተጨማሪ ግትርነት አለው፤ የሚለካው በኒውተን በሜትር ነው። ክብ ሽቦ በርዝመቱ ሲሳብ፣ ይህ የቆዳ ግትርነት በ4 ተባዝቶ ለዲያሜትሩ ይካፈልና በትልቁ ክሪስታል ቁጥር ላይ ይደመራል። ሽቦው ሲጎብጥ ግን የሚባዛው በ8 ነው።

ለምን በእጥፍ? ሽቦ ሲሳብ ውስጡም ላዩም እኩል ይለጠጣል። ሲጎብጥ ግን መሐሉ ምንም አይሆንም። በአንድ ጎን ያለው ጠርዝ ይለጠጣል፣ በሌላው ጎን ያለው ይጨመቃል። ሥራው ሁሉ ያለው ዳር ላይ ነው። ቆዳውም ያለው ዳር ላይ ነው። ስለዚህ ያው ቆዳ፣ ያው ሽቦ፣ በመጉበጥ ሲለካ ድምፁ በእጥፍ ይሰማል።

አሁን 29ኙን እንሞክር። ሽቦው 45 ናኖሜትር ነው፤ የተለካውም በመጉበጥ ነው። ከ140 ወደ 29 ለማውረድ 111 ጊጋፓስካል መቀነስ አለበት። ለዚህ የቆዳው ግትርነት ወደ 620 ኒውተን በሜትር ገደማ፣ ያውም በኔጌቲቭ መሆን ይኖርበታል። ወፍራሞቹን፣ 21 የተባሉትን ብንወስድ ደግሞ ቁጥሩ ያብዳል። ሽቦው 200 ናኖሜትር ነው ብንል እንኳ፣ በመሳብ ለክተነው ወደ 6,000 ኒውተን በሜትር ኔጌቲቭ እንጠይቃለን። አንድ ገጽ፣ በአንድ ቁስ ላይ፣ እንደ ሽቦው ውፍረት አሥር እጥፍ የሚለያይ ጠባይ ሊኖረው አይችልም። ገጹ ያው ገጽ ነው። እንግዲህ ትንንሾቹ ቁጥሮች የገጽ ውጤት አይደሉም። ሌላ ምክንያት ይፈለግላቸው፤ የሥሩ መላላት፣ የሽቦው ጉድለት፣ የአለካክ ልክ።

አንዳንዶች ሌላ በር ሞክረዋል። ቆዳው ግትርነት ብቻ ሳይሆን ሳይነካ በፊትም ያለ ውጥረት አለው። ሂና ሊሊ በ2008 ይህን ውጥረት ወደ መጉበጥ ስሌት አስገብተው፣ ውጥረቱ የመሳብ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ጫፉ የታሰረ ሽቦ ግትር ሆኖ እንደሚታይ፣ አንድ ጫፉ ብቻ የታሰረው ደግሞ ለስላሳ ሆኖ እንደሚታይ አሳዩ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ የተበታተኑትን ቁጥሮች በአንዴ የሚያስማማ ይመስላል። ሁለቱም ጫፍ ሲታሰር የሚሆነው ያሳምነኛል፤ ውጥረቱ የሚሄድበት የለውምና። በአንድ ጫፍ ብቻ በታሰረው ላይ ግን እጠራጠራለሁ። እዚያ ሽቦው ነጻ ነው፤ ቆዳው ሲስበው ትንሽ ያጥርና የውስጡ ግፊት ከቆዳው ስበት ጋር ይቻቻላል። ገርቲን፣ ማርከንስኮፍና ተርስተን በ1976 ይህንኑ ክርክር በጋሊየም አርሰናይድ ቀጫጭን ክሪስታሎች ላይ ገጥመውት ነበር። እኩል የተዘረጋ የገጽ ውጥረት ብቻውን የእንዲህ ያለውን ምላስ ፍሪኩዌንሲ አይለውጥም ብለው ዘጉት። ክርክሩ ከ30 ዓመት በኋላ በአዲስ ቁስ ተመልሶ መምጣቱ ይገርማል።

መሳብ ያመጣው መልስ

መውጫው ሽቦውን ማጉበጥ ትቶ መሳብ ነበር። ሲባል ቀላል ነው። ከሰው ፀጉር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የቀጠነ ነገር በሁለት ጫፉ ይዞ መሳብና፣ የሳቡበትን ኃይልና የረዘመበትን ልክ ለየብቻ ማንበብ ግን ቀላል አይደለም።

በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሆራሲዮ ኤስፒኖሳ ቡድን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ነበረው። ዮንግ ዙና ኤስፒኖሳ በ2005 ያስተዋወቁት በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ የመሳቢያ ማሽን ነው። በአንድ በኩል በኤሌክትሪክ ሲሞቁ የሚስፋፉና የሚገፉ ቀጫጭን የሲሊኮን እግሮች አሉ። በሌላው በኩል ኃይል መለኪያ አለ፤ ትንሽ ሲነቃነቅ የኤሌክትሪክ አቅሙ የሚለወጥ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰናሰለ። መሐላቸው ክፍተት አለ። ሽቦው እዚያ ክፍተት ላይ ይጋደማል፤ ሁለት ጫፉም ይጣበቃል። ቺፑ እንዳለ ወደ ትራንስሚሽን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይገባል። ኃይሉ በኤሌክትሪክ ይነበባል። ሽቦው ሲረዝም በዓይን ይታያል።

የዚህ ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ኃይሉ ከመጎበጥ ስሌት አይቀዳም። ዲያሜትሩ አራት ጊዜ አይባዛም፤ ስፋቱ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ማጣበቂያው ትንሽ ቢሰጥ እንኳ፣ መርዘሙ ከሽቦው ራሱ ላይ ከተነበበ ጉዳት የለውም። ከላይ የዘረዘርኳቸው መደበቂያዎች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ።

ውጤቱ በ2008 ወጣ። ከ80 ናኖሜትር በላይ የሆኑት ሽቦዎች 140 አካባቢ ሆኑ፤ ልክ እንደ ትልቁ ክሪስታል። ከ80 ወደ 20 ናኖሜትር ሲወርድ ቁጥሩ ከ140 ወደ 160 ጊጋፓስካል ወጣ። ይኸው ነው። ከመቶ 14 ያህል። 29 የለም፤ 200ም የለም።

ከዚህ ሥራ ይበልጥ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። በኮምፒውተር አቶም በአቶም የተሠራው ስሌት (ሲሙሌሽኑ) ከሙከራው ጋር አንድ መጠን ላይ ተገናኘ። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ 3 እና 5 ናኖሜትር ላይ ይሠራል፣ ሙከራው 50 እና 100 ላይ ይሠራል፤ ከዚያ ሁለቱ ተስማሙ ተብሎ በመሐል ያለው ባዶ ቦታ በመስመር ይሞላል። እዚህ ግን የአቶም ስሌቱ እስከ 20 ናኖሜትር ድረስ ተሠራ፤ ሙከራውም እስከ 20 ወረደ። ሁለቱም ተመሳሳይ አዝማሚያ አሳዩ። ምክንያቱ ደግሞ የገጹ አቶሞች ዳግም መደራጀትና፣ በዚንኩና በኦክስጅኑ ክስ መካከል ያለው ርቆ የሚሄድ መሳሳብ መሆኑ ታየ። ገጹ ብቻውን አልነበረም። ገጹ ሲለወጥ ውስጡም ይሰማዋል።

ታዲያ የ2006ቱ ቡድን ተሳስቶ ነበር? አይመስለኝም። እነሱ ሽቦውን ያጎበጡት ነበር። ቀመሩን መልሰን እንያዘው። በ20 ናኖሜትር ላይ መሳብ 20 ጊጋፓስካል ጨመረ፤ ከዚያ የቆዳው ግትርነት 100 ኒውተን በሜትር ይወጣል። ያንኑ ቆዳ ብናጎብጠው 40 ይጨምራል፤ ሽቦው 180 ሆኖ ይታያል። የ2006ቱ የልብና የቅርፊት ቀመር ለ20 ናኖሜትር ሽቦ 202 ይሰጣል። በመሳቡ 160 እና በመጉበጡ 202 መካከል ካለው 42 ጊጋፓስካል ውስጥ ግማሽ ያህሉ የአለካክ ዓይነት ልዩነት ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው 22 ደግሞ ስለ ዲያሜትርና ስለ ስድስት ጎን ካልነው በጣም ያነሰ ነው። ቀመሩ ቆዳው ከሽቦው አንጻር ስስ ነው ብሎ ስለሚነሳ በጣም ቀጭን ሽቦ ላይ በትክክል አይሠራም፤ ለግምት ግን ይበቃል።

በተቃራኒው የ4.4 ናኖሜትሩን ቅርፊት ወስደን ሽቦውን ብንስበው፣ በ20 ናኖሜትር ላይ 187 ማግኘት ነበረብን። የተገኘው 160 ነው። ቅርፊቱ ወፍሯል ብዬ የጠረጠርኩት ለዚህ ነው።

ይህ የእኔ የወረቀት ስሌት ብቻ ቢሆን ባላመንኩት። ግን በ2010 በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሹ፣ ቺን፣ ሚሽራ፣ ጉና ዮንግ ዙ ሁለቱንም በአንድ ቤተ ሙከራ ሠሩት። ዙ ከላይ የጠቀስኩት የመሳቢያ ቺፕ ሰው ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ሽቦውን ሳቡት። እንደገናም ከሁለት ጫፉ ወደ ውስጥ ገፍተው እስኪጎብጥ ጨመቁት። ከ80 ወደ 20 ናኖሜትር ሲወርድ ሁለቱም ቁጥሮች ወጡ። የመጉበጡ ግን ከመሳቡ ፈጥኖ ወጣ።

ይህ ቀላል ዜና አይደለም። ሽቦው በሙሉ፣ ከልቡ እስከ ዳሩ፣ እኩል ግትር ሆኖ ቢሆን ኖሮ ብትስቡትም ብታጎብጡትም ቁጥሩ አንድ ይሆን ነበር። ለውጡ ያለው ዳር ላይ ከሆነ ብቻ ነው መጉበጥ የሚቀድመው። ገጹ በስም ሳይሆን በምልክትና በልክ የተያዘው እዚህ ላይ ነው።

ለሚጠቀምበት ሰው

አሁንም ድረስ ናኖሽቦ ለሴንሰር ወይም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲታሰብ ከአንድ ጽሑፍ ላይ አንድ ቁጥር አንስቶ ወደ ስሌት መክተት የተለመደ ነው። ዋንግና ሶንግ በ2006 ሽቦው ሲጎብጥ ያከማቸው የመካኒክ ጉልበት ከመቶ 17 እስከ 30 ያህሉ ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለወጥ ገምተው ነበር። የዚህ ዓይነት ክፍልፋይ ታችኛው ቁጥር ሽቦው ሲጎብጥ የያዘው ጉልበት ነው። ያ ጉልበት ለአንድ ዓይነት መጉበጥ ከግትርነቱ ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። በ29 ፈንታ 140 ብታስገቡ ታችኛው ቁጥር አምስት እጥፍ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከላይ ያለው ኤሌክትሪክ ካልተለወጠ፣ ብቃቱም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ከ80 ናኖሜትር በላይ የሆነ ንጹሕ ሽቦ ይዞ ለሚሠራ ሰው 140 ይበቃዋል፤ ስለ ገጽ ብዙ ባይጨነቅም ይሆናል። ከዚያ በታች ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ሽቦውን ይስበዋል ወይስ ያጎብጠዋል ብሎ ነው። 30 ናኖሜትር ሽቦ እንውሰድ፤ ቆዳው ያው 100 ኒውተን በሜትር። ሲሳብ 153 ነው። ሲጎብጥ 167 ነው። ሽቦው እየተርገበገበ ክብደት የሚለካ ሴንሰር ከሆነ፣ ፍሪኩዌንሲው የትልቁን ክሪስታል ቁጥር ይዘን ከምናሰላው ከመቶ 9 ከፍ ይላል። ከመሳብ ሙከራ የተገኘውን 153 ይዞ የሄደ ሰው እንኳ ከመቶ 4 ያህል ይስታል።